ጦጢት ለምን አልሰማችም?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በልጆች ልደት፣ በኬጂ ምርቃትና በወላጆች ቀን የምትሃት ትርኢት አሳያለሁ። ከዓመት ወዲህ ጦጢት የምትባል የእጅ አሻንጉሊት ትርኢቴ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ መናገር ግን ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ የእህቴን ልጅ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ የ11 ደቂቃ ትራክ አዘጋጀሁ። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ በጣም ያምራል። ትራኩን ከፍቼ እጄን አንቀሳቅሳለሁ። እኔ የምናገርበትም ሆነ ልጆቹ የሚመልሱበት ባዶ ቦታ በመሃል በመሃሉ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ልደት ላይ ግን ጦጢት አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ፊት ቆማ ‹አንቺስ ምን መብላት ትወጃለሽ?› አለች። ልጅቷ አፍራ ዝም አለች። ትራኩ አልጠበቃትም። ‹ጎበዝ! እኔም እወዳለሁ!› አለ። አንድ ተለቅ ያለ ልጅ ‹አትሰማም እኮ! ስልክ ነው!› ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ያሳየሁትን ምትሃት ማንም አላየልኝም። ጓደኛዬ ‹ልጆች አይደሉ እንዴ፣ ይረሱታል፤ አንተ ድምፁን ብቻ ከፍ አድርገው› ይለኛል። ትራኩን ልተወው? ወይስ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ መናገር እስክለምድ ጦጢትን ላስቀምጣት? ወላጆች ሲጠይቁኝስ ድምፁ የተቀዳ ነው ልበል? ባለጦጢት ነኝ።»

መልስ

ወንድሜ ባለጦጢት፣

ትራኩን አትተወው። ጦጢትንም ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፍባት። መተው ያለብህ አንድ ነገር ነው፤ በተቀዳ ድምፅ ልጅን ጥያቄ መጠየቅ። የቀረው ሁሉ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ያ ተለቅ ያለው ልጅ ያለውን ደግመህ አንብበው። «አትሰማም እኮ! ስልክ ነው!» ነው ያለው። ስልኩ ሁለተኛ ነው የመጣው። መጀመሪያ የነቃው አለመስማቷን ነው። ልጆችን የተቀዳ ድምፅ አያስቀይማቸውም። ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥንና በስልክ ሲሰሙት ይውላሉ። የካርቱን ጥንቸል ስታወራ «ይሄ እኮ ተቀድቶ ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ልጅ አይቼ አላውቅም። ጦጢት ግን እዚያው አጠገባቸው ናት። ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትጠይቃቸዋለች። እንዲህ አድርጎ የጠየቀው መልሱን ሳይሰማ ከቀጠለ ልጅ ይናደዳል። ትልቅ ሰውም ይናደዳል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበችኝ ትንሿ ልጅ ናት። ሰው በተሰበሰበበት ተጠየቀች፤ አፈረች። አፍራ ዝም ባለችበት «ጎበዝ!» ተባለች። ምንም ሳትናገር እንደመለሰች ተቆጠረ። ወዲያው ደግሞ ጩኸት ሆነ። ልጆቹ የጮኹት አንተና ስልክህ ላይ ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን ይህን አትለይም። እኔ ላይ ነው የጮኹት ብላ ሄዳ ይሆናል። የጓደኛህ «ይረሱታል» ያልተዋጠልኝ ለዚህ ነው። «ከፍ አድርገው» የሚለው ምክሩ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በጩኸታቸው ላይ ስፒከር ሲጮህባቸው ልጆች ይብስባቸዋል እንጂ ዝም አይሉም። አለመስማቷም በደንብ ይታያል።

አሻንጉሊትን በተቀዳ ድምፅ ማጫወት ነውር አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ሳልዝቡርግ ከተማ ስሙ የገነነ የአሻንጉሊት ቴአትር አለ። አንቶን አይኸር የሚባል ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1913 የመሠረተው ነው። በክር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶቹ የሞዛርትን ኦፔራዎች የሚጫወቱት በተቀዳ ዘፈንና ሙዚቃ ነው። ሰው ከየአገሩ እየሄደ ያያቸዋል፤ «ድምፁ የእነሱ አይደለም» ብሎ የሚያማርር የለም። ተመልካቹ እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል፣ ይሰማል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። ከመድረኩ ዞራ «አንተስ?» የምትለው አሻንጉሊት የለችም። አንተ የምትሠራው ምንጣፍ ላይ በተቀመጡ ልጆች ፊት ነው። አንዱ ይነሳል። አንዷ «ሽንቴ መጣ» ትላለች። ሌላው ኮፍያህ ውስጥ እጁን ይከታል። የ11 ደቂቃ ትራክ ይህን ሁሉ አያውቅም። አንተም ባዶ ቦታው ሳያልፍብህ ለመናገር ስትጣደፍ ልጆቹን ማየት ትተዋለህ። እኔ ከጦጢት አለመስማት ይልቅ ይሄኛው ይከፋኛል።

አባባ ተስፋዬን አስባቸው። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አውርተዋል። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆነው እኛን ሊሰሙ አይችሉም። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላም ሲሉን ግን ቤታችን ሆነን እንመልስላቸው ነበር። የሰላምታ መልስ ይታወቃላ። የትኛውም ቤት ያለ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ ያለውም ሁሉ ትክክል ነው። ስማችንን ጠይቀው «ሰለሞን! እንዴት ያለ ጥሩ ስም ነው» ቢሉን ኖሮ ከሰለሞኖቹ በስተቀር ሁላችንም እናዝን ነበር።

መለያው ይሄ ነው። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ቅዳው። መልሱ ልጁ ሆድ ውስጥ ካለ አትቅዳው።

በዚህ ነገር እኛ ዕድለኞች ነን። ልጆቻችን በአንድ ድምፅ የሚመልሷቸው ጥሪዎች ሞልተውናል። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ይሉሃል። «እንቆቅልሽ» ስትል «ምን አውቅልሽ» ይመጣል። እነዚህን ያለ ሥጋት መቅዳት ትችላለህ። ዘፈን፣ ሳቅ፣ ማስነጠስ፣ ማንኮራፋት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መቁጠር፣ «ቻው ልጆች» የሚለው ስንብትም እንደዚሁ ናቸው። የእህትህ ልጅ ድምፅ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። ምግብ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ «ማን ነው የወሰደው?»፣ «ትፈልጋለህ?» የሚሉት ሁሉ ከትራኩ ይውጡ።

ታዲያ ጦጢት ከልጆቹ ጋር በምን ታወራለች? ሹክ በማለት።

እንግሊዝ አገር ሱቲ የሚባል ቢጫ የድብ አሻንጉሊት አለ። ሃሪ ኮርቤት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ብላክፑል ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለልጁ ገዛው። ኮርቤት መሐንዲስ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ግን እንደ አንተ ምትሃት ያሳይ ነበር። ሱቲ ለተመልካች አንድም ቃል አይናገርም። ኮርቤት ጆሮ ውስጥ ሹክ ይለዋል፤ ኮርቤትም ጮክ ብሎ ለልጆቹ ይነግራል። ሱቲ ምትሃትም ይሠራል፤ የራሱ ትንሽ ዘንግ አለችው። ሁለቱ በዚህ መንገድ በቴሌቪዥን ገነኑ። ከኮርቤት በኋላ ያንን ድብ ልጁ ማቲው ተረክቦ ቀጠለበት። ያ ሁሉ ተወዳጅነት ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ መናገርም፣ የተቀዳ ድምፅም አላስፈለገውም።

ጦጢትን እንዲህ አድርጋት። ዓይናፋር ናት። ሰው ፊት መዝፈን አያሳፍራትም፤ ማውራት ግን ታፍራለች። ስታወራ ለአንተ ብቻ ሹክ ትላለች። ይህን ገና ስትገባ ለልጆቹ ንገራቸው። «ጦጢት ዘፈን ላይ ማንም አይችላትም፤ ወሬ ላይ ግን ታፍራለች፤ ለእኔ ብቻ ነው የምትነግረኝ» በላቸው። ልጆች እንዲህ ያለ ሕግ ሲነገራቸው አይከራከሩም። ሲያፍሩ እናታቸው ጆሮ ውስጥ ሹክ የሚሉ ልጆች ስለሆኑ ደንብ አድርገው ያውቁታል። እንደዚያች የ4 ዓመት ልጅ የሚያፍሩት ደግሞ ዓይናፋር ጦጣ ሲያዩ ይበልጥ ይቀርባሉ። ጦጢት እነሱን ምንም አትጠይቃቸውም። ቀስ ብላ መጥታ እጇን ትዘረጋለች። የፈለገ ይጨብጣታል፤ ያልፈለገ ይተዋል።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ላሳይህ። መቼም ጦጢት ጦጣ ናትና ነገሩን በሙዝ እናድርገው። ሙዝ ከባዶ ከረጢት ማውጣት እንደምትችል እገምታለሁ።

ጦጢት ከሳጥኗ ብቅ ብላ «እንቆቅልሽ!» ትላለች። ይህ የተቀዳ ነው። ልጆቹ «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ሳሳ ማለቱ አይቀርም። ጦጢት እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ አንተም «አልሰማችም መሰለኝ» ትላለህ። ያንኑ ፋይል ትደግመዋለህ፤ በሁለተኛው ቤቱን ያናውጡታል። ያ ልጅ «አትሰማም» ያለው ነገር አሁን ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ሌላ የተቀዳ ፋይል አለ፦ «ቢጫ ልብስ ለብሼ ተንጠልጥዬ እውላለሁ፤ ልብሴን አስወልቀው ይበሉኛል። ማን ነኝ?» እዚህ ላይ ድምፁ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የልጆቹ ነው፤ አንተ አትቸኩል።

አንዱ «ማንጎ!» ይላል። ጦጢት ሹክ ትልሃለች። «ማንጎማ በቢላ ነው የሚላጠው እያለች ነው» ትላለህ። ሌላው ነገሩ ምኑም ያልገባው «አንበሳ!» ይላል። ጦጢት ደንግጣ ብብትህ ሥር ትደበቃለች። የልጁ መልስ ስህተት ነው፤ ግን ተሰምቷል፤ ጦጢት በእሱ ምክንያት አንድ ነገር አደረገች። ለአንድ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሙዝ!» ያለ ከተገኘ «አወቃችሁብኝ!» የሚለውን የተቀዳ ፋይል ትነካለህ፤ ሙዙም ከከረጢቱ ይወጣል። ማንም ካላወቀ ደግሞ «አገር ስጡኝ!» የሚል ሌላ ፋይል ይኑርህ። ልጆቹ አገር እየጠሩ ይጮሃሉ። ሐዋሳ ይላሉ፣ ጎንደር ይላሉ፣ ዱባይ የሚልም አይጠፋም። የትኛውን እንደሚሉ አስቀድሞ ስለማይታወቅ እዚህ ትራክ የለም። አንዱን አገር ትመርጣለህ። ጦጢት እዚያ ሄዳ ምን እንደበላች ሹክ ትልሃለች፤ አንተ ታወራላታለህ። ሐዋሳ ከሆነ ዓሣ በላች። ቀጥሎ «እኔ ሙዝ ነኝ!» የሚለው የተቀዳ መልስ ይመጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእህትህ ልጅ ድምፅ የሚሰማው ግፋ ቢል ለግማሽ ደቂቃ ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ሲያወሩ ግን ጦጢት ስታወራ ነበር ነው የሚሉት።

ወደ ስልክህ ልምጣ። ያንን ረጅም ትራክ ቆራርጠው። እያንዳንዱ ንግግር የራሱ ፋይል ይሁን። አብዛኛው ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ዘፈኑ ብቻ ረዘም ይበል፤ እሱም ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባያልፍ ጥሩ ነው። ፋይሎቹን በቁጥር ሰይማቸው፤ 01፣ 02 እያልክ። ዜሮዋን ከተውካት ብዙ መሣሪያ 10ን ከ2 በፊት ያመጣብሃል። ማጫወቻው አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው በራሱ እንዳይዘል ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ አጥፋው። ከዚህ የሚሻለው አንድ ቁልፍ ስትነካ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ አፕ ነው፤ በነፃ የሚወርዱ አሉ። የእያንዳንዱን ፋይል መነሻ ከባዶ ድምፅ አጽዳው። መጀመሪያው ላይ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ካለ የጦጢት አፍ ተከፍቶ ድምፁ ይዘገያል።

አንድ እጅህ ጦጢት ውስጥ ነው፤ ሌላው ዘንግ ይይዛል። ስለዚህ ስልኩን በጣትህ እየፈለግህ መንካት አይሆንም። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የብሉቱዝ ሪሞት ትበቃለች። በእግር የሚረገጥም አለ፤ ሙዚቀኞች የኖታ ገጽ ለመግለጥ የሚጠቀሙበት። ቆሞ ለሚሠራ ሰው እሱ ይሻላል፤ ልጆቹ ኪስህን አያዩም። ከስልኩ ወደ ስፒከሩ ግን በገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። ለዘፈን ምንም አይደለም፤ ለአፍ እንቅስቃሴ ግን ያስታውቃል። ስልክህ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው መቀየሪያ ግዛለት። ከትርኢቱ በፊት ኤርፕሌን ሞድ አድርገው፤ አለበለዚያ ጦጢት እየዘፈነች ስልክ ይደወልብሃል። ኤርፕሌን ሞዱ ብሉቱዙን አብሮ ካጠፋው መልሰህ ክፈተው፤ ያለዚያ ሪሞቷ አትሠራም።

ስፒከሩ የት ይቀመጥ የሚለው ብዙዎች የማያስቡበት ጉዳይ ነው። ልደት ቤት ስትደርስ ዲጄው «ፍላሹን ስጠኝ፣ በሞንታርቦ ላጫውትልህ» ይልሃል። አመስግነህ እምቢ በለው። ከድንኳኑ ጥግና ጥግ በቆሙ ሁለት ሞንታርቦዎች የወጣ ድምፅ የጦጢት አይሆንም፤ ልጆቹም ወደ ጥግ ይዞራሉ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ስፒከር ገዝተህ ጦጢት የምትወጣበት ጠረጴዛ ሥር፣ ጨርቁ ውስጥ አስቀምጣት። ድምፁ በግምት እሷ ካለችበት አካባቢ ከመጣ የሚንቀሳቀሰው አፍ ቀሪውን ይሠራል። ጆሯችን ዓይናችንን ይከተላል። ባትሪው ለሌላም ይጠቅምሃል፤ መብራት ሲጠፋ ዲጄው ዝም ሲል ጦጢት ትቀጥላለች።

አሁን እጅህ። አሻንጉሊት የሚያጫውቱ ጀማሪዎች ቃሉ ሲወጣ አፍ ይዘጋሉ፤ ቃሉን የሚነክሱት ይመስላል። ድምፁ ሲወጣ አፍ ይከፈታል፤ ሲያልቅ ይዘጋል። አፉን ስትከፍት አውራ ጣትህን ወደ ታች አውርድ፤ አራቱ ጣቶች ባሉበት ይቆዩ። እነሱን ወደ ላይ ካነሳህ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ እየሄደ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። አፉን በፊደል ቁጥር አትክፈተው፤ ሳድሶቹ ብዙ ጊዜ ካለፈው ድምፅ ጋር ይጠቃለላሉ። «ልጆች» በጽሑፍ 3 ፊደል ነው፤ አፏ የሚከፈተው ግን 2 ጊዜ ነው። «እንቆቅልሽ» 6 ፊደል ሆኖ 4 ጊዜ ነው፦ እን፣ ቆ፣ ቅል፣ ልሽ። የእያንዳንዱን ፋይል ቃል በወረቀት ጽፈህ በዚህ መንገድ ከፋፍለው። ከዚያ ራስህን በቪዲዮ ቅረጽና ድምፁን አጥፍተህ እየው። ጦጢት መቼ እንደምታወራ ያለ ድምፅ ከታወቀህ እጅህ ደርሷል።

ከአፏ ይልቅ ግን ዓይኗን ጠብቅ። አንተ ስታወራ አንተን ትይ። ልጅ ሲያወራ ልጁን ትይ። ዝም ባለችበት ጊዜ ደግሞ አትድረቅ፤ ትንሽ ትተንፍስ፣ አንገቷን ዘንበል ታድርግ። አብዛኛው የመስማት ሥራ ይሄ ነው። ፊቱ ወደ እኛ የዞረና ትንሽ ጠብቆ የሚመልስ ፍጡር ሰማን እንላለን።

ድምፁ በመሃል ቢቋረጥስ? ሪሞቷ ባትሪ ጨርሳ ጦጢት ዘፈኗ መሃል ላይ ዝም ብትልስ? ዓይናፋር ያደረግናት አንዱ ለዚህም ነው። ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች፤ ሹክ ትልሃለች። «አፈረች፤ አብራችሁኝ ከዘፈናችሁ እቀጥላለሁ እያለች ነው» ትላቸዋለህ። ልጆቹ ይዘፍኑላታል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ይሄኛው ከተቀዳው ዘፈን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህንን ቤትህ ውስጥ ተለማመደው። መሃል ላይ አጥፋውና ምን እንደምታደርግ ሞክር።

ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ መናገርን በተመለከተ፣ ደስ ካለህ ተማረው፤ ግን እስክትለምደው ጦጢትን አታስቀምጣት። ችግሩ ከንፈር በሚነኩት ድምፆች ላይ ነው። በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ እና ጰ ናቸው። ባለሙያዎቹ በን ወደ ደ፣ መን ወደ ነ አስጠግተው ምላሳቸውን ይሠሩበታል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ሳታስበው ጥሩ ስም መርጠሃል፤ ጦጢት ሲባል ሁለቱ ከንፈሮች አይገናኙም። ሙዝ የሚለው ግን ያስቸግርሃል። በማይክና በሞንታርቦ መሃል የምታሳልፈውን ቅዳሜ ሳስበው፣ ጊዜህን መጀመሪያ ለዓይኗ ብትሰጠው እመርጣለሁ።

ወላጆች ከጠየቁህ እውነቱን ተናገር። «የእህቴ ልጅ ድምፅ ነው፣ ቀድቼው ነው» በል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ብዙዎቹ «ጎበዝ ልጅ ናት» ነው የሚሉህ። ልጆች ሲጠይቁህ እንደ ዕድሜያቸው ነው። የ4 ዓመት ልጅ «እውነት ነው የምታወራው?» ስትልህ የምትፈልገው ጦጢትን መንካት ነው፤ ጦጢት ትጨብጣት። «እውነቴን ነው፣ በሕይወት ያለች ናት» ብለህ መማል ግን አያስፈልግም። ያኔ እንደጮኸብህ ልጅ ተለቅ ያለ፣ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥምህ አትጋፋው። ገና ስትጀምር ጥራና ረዳትህ አድርገው። ባዶውን ከረጢት ለሌሎቹ የሚያሳየው እሱ ይሁን። ትርኢቱ ሲያልቅ ከፈለገ ስፒከሯን አሳየው። ምስጢር የተነገረው ልጅ ለታናናሾቹ ምስጢር ይጠብቃል።

የዘፈን ነገር እንዳይረሳ። ከቴሌቪዥን ወይም ከዩቲዩብ የወሰድከው የልጆች ዘፈን ትራኩ ውስጥ ካለ አውጣው። ተከፍሎህ ለምትሠራው ትርኢት የሰው ሥራ ስትጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ለጦጢት የራሷ አጭር ዘፈን ብትሠራላት ይበልጥ ያምርባታል። ሁለት መስመርና ጭብጨባ ይበቃታል።

የእህትህን ልጅ ድምፅ በተመለከተ ከእናቷም ከራሷም ጋር ቁጭ ብለህ ተነጋገር። ድምፅዋ የሥራህ አካል ነው። ከምታገኘው ላይ ለደብተሯም ለጫማዋም የምታደርግላት ነገር ይኑር። 9 ዓመቷ ነው ብለሃል፤ ድምፅዋ በዚሁ አይቆይም። ስለዚህ ትርፍ ቅዳ። ቁም ሣጥኑን ከፍተህ ልብሶቹ ፊት አስቁማት፤ ልብስ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው። «እንቆቅልሽ» የሚለውን በደስታ፣ በእንቅልፍ፣ በኩርፊያ ታስቀዳህ። የሳቅና የማስነጠስ ዓይነት በዛ አድርገህ ያዝ። «መልካም ልደት» የሚለውን ያለ ስም ቅዳ፤ ስሙን አንተ ጮክ ብለህ ትጠራዋለህ፣ ልጆቹም ይደግሙታል። ሲደክማት አቁም፤ የደከመው ልጅ ድምፅ ትራኩ ላይ ያስታውቃል። የቀረውን በሌላ ቀን ጨርሱት።